የጥፍሩን ሥር ተዉልኝ

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ፣ ደሴ፣ የቀረበ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ ደውሎ «ከሥራሽ አንድ ነገር ታወሪናለሽ፤ ሃያ ደቂቃ አለሽ» ሲለኝ፣ ስለ ጥፍር ነው የማወራው አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «እትዬ፣ ስለ ጥፍር? ሃያ ደቂቃ ሙሉ?» አለኝ። «እትዬ» የምትለዋን ስም ያወጡልኝ የክፍል ጓደኞቼ ናቸው። ነርስ ሆኜ ዓመታት ከሠራሁ በኋላ ስለሆነ ሕክምና ትምህርት ቤት የገባሁት፣ ከክፍሉ ሁሉ ትልቋ እኔ ነበርኩ። ይኸው አርባዎቹን ጀምሬም ስሙ አልለቀቀኝም።

አዎ፣ ስለ ጥፍር ነው። መሐንዲሶቹም፣ የሂሳብ ሰዎቹም፣ መምህራኑም አትፍሩ፤ ሁላችሁም የምታውቁትን ነገር ይዤ ነው የምጀምረው።

ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ለዒድ ወይም ለሠርግ እንሶስላ የሞቀች ሴት እጅ አይቶ ያውቃል። ቆዳው ላይ ያረፈው ቀለም በጥቂት ሳምንት ይለቃል። ጥፍሩ ላይ ያረፈው ግን አይለቅም፤ ይጓዛል። ወር ሲሞላው ከጥፍሩ ግርጌ፣ ከቆዳው ሥር፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ቀለም ያልነካው ጥፍር ብቅ ይላል። በሁለተኛው ወር ስድስት ይሆናል። ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ቀለሙ ጫፍ ደርሶ ከተቆረጠው ጥፍር ጋር ይወድቃል። የእግር አውራ ጣት ሲሆን ሰነፍ ነው፤ አንድ ዓመት ወይም ዓመት ተኩል ይፈጅበታል። ልጅ ሆኜ ቀለሙ የሚሸሽ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚሄደው ጥፍሩ ራሱ ነው፤ ቀለሙ ተሳፋሪ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር እንያዝ። ጥፍር የሚሠራው ጫፉ ላይ ሳይሆን ግርጌው ላይ ነው። ከቆዳው እጥፋት ሥር የተደበቀ ቦታ አለ። በሕክምና ማትሪክስ እንለዋለን፤ ዛሬ ግን የጥፍር ሥር ልበለው። አውራ ጣታችሁን እዩ፤ ያቺ ነጭ ግማሽ ጨረቃ የዚያ ሥር የፊት ጠርዝ ናት። ሌላው ከቆዳ በታች ነው፤ የጥፍር ስቴም ሴሎች የሚኖሩትም እዚያ ነው።

ስቴም ሴል ምንድን ነው ለምትሉ፣ የእንጀራ እርሾ አስቡ። እናቶቻችን ሊጡን ሁሉ ጋግረው አይጨርሱትም። ትንሽ እርሾ ይተዋሉ፤ እሱ የነገውን ሊጥ ያነሣል፤ ከነገውም ላይ ደግሞ ለተነገ ወዲያ ይተርፋል። ስቴም ሴልም እንዲሁ ነው። ሲከፈል ገሚሱ ጥፍር ለመሆን ይሄዳል፣ ገሚሱ እርሾ ሆኖ ይቀራል። ዕድሜ ልካችንን ጥፍር ቆርጠን የማንጨርሰው ለዚህ ነው። እርሾውን የደፋ ሰው ግን ዱቄት ቢኖረውም የሚያነሣው ነገር የለውም።

ይህን ሁሉ ያኔ በደንብ አላውቀውም ነበር። ካወቅሁትም ለፈተና ነበር። አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

ተመርቄ የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር፤ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል የሌሊት ዲውቲ ላይ ነኝ። አንዲት እናት የአራት ዓመት ሴት ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ይዛ ገባች። የብረት በር ነው። የደሴን የብረት በር ታውቁታላችሁ፤ ከጦሳ የሚወርደው ንፋስ ሲያላትመው አዋቂንም ያስደነግጣል። የልጅቷ የቀለበት ጣት ጫፍ ከጥፍሩ ግማሽ ላይ ተቆርጧል። የሩዝ ፍሬ የምታህል አጥንት ትታያለች። የጥፍሩ ሥር ግን አልተነካም። ይህን ዛሬ ነው የምነግራችሁ፤ ያን ሌሊት ጉዳዬም አልነበረም።

መጽሐፉ ለአዋቂ የሚለውን አደረግሁ። ማደንዘዣ ወጋሁ። የታየችውን አጥንት ወደ ኋላ ቆረጥኩ። የቀረው ጥፍር ተጣሞ እንዳይበቅል ብዬ ሥሩን ፍቄ አወጣሁ። ከዚያ ቆዳውን ከመዳፏ በኩል ስቤ ሰፋሁት። ጥሩ ስፌት ነበር። ጠዋት ሲገለጥ ያዩት ሁሉ አመሰገኑኝ። እናትየዋም እጄን ሳመችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ከዓመት በኋላ ኮምቦልቻ ስሠራ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ መጣ። የብስክሌት ሰንሰለት የሌባ ጣቱን ጫፍ ወስዶታል፤ ጉዳቱ የዚያችን ልጅ ይመስላል። ደሴ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ያድርግ ብዬ የሪፈር ወረቀት መጻፍ ጀመርኩ። አያትየው እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ቢላ የለመደ አይቆምም። አንቺው አጥበሽ እሰሪልኝ፤ የቀረውን አላህ ያውቃል» አሉኝ። ተከራከርኩ፤ እምቢ አሉ። ሐረጎን አልወጣም አሉ፣ አልወጡም።

ምን ላድርግ? በብዙ ንጹሕ ውሃ አጠብኩት፣ ቫዝሊን የተቀባ ጎዝ አድርጌ አሰርኩት፣ የቴታነስ ክትባቱን አሟላሁለት፣ በቀጠሮ ሸኘኋቸው። እውነቱን ልናገር፣ ቁስሉ አመርቅዞ እስኪመጣልኝ ነበር የምጠብቀው።

በሳምንቱ ሲፈታ ይሸታል፤ ግን አላመረቀዘም። በሦስተኛው ሳምንት ቀይ ሥጋ ሞልቶ መክበብ ጀመረ። በሁለተኛው ወር ቆዳ ለበሰ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ጥፍሩ አዲሱን ጫፍ ተከትሎ ወደፊት ወጣ። ጣቱን በመርፌ ጫፍ ነካ ሳደርገው እጁን ነጠቀኝ፤ ስሜቱ ተመልሷል። ከጤነኛው እጁ ጋር ባስተያየው ልዩነቱ ትንሽ ነበር። አያትየው «አላልኩሽም?» አሉኝ። ብለውኛል።

ያን ምሽት ነው ማንበብ የጀመርኩት። ያገኘሁት የመጀመሪያው ነገር አንገቴን አስደፋኝ። በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ የሕፃናት ሆስፒታል ትሠራ የነበረች ሲንቲያ ኢሊንግዎርዝ የምትባል ሐኪም፣ የሕፃናት የጣት ጫፍ ሲቆረጥ ከመጨረሻው መገጣጠሚያ ፊት እስከሆነ ድረስ፣ ሳይሰፋ ታጥቦ ብቻ ቢታሰር መልሶ እንደሚያድግ እ.ኤ.አ. በ1974 ጽፋለች። እኔ ከመወለዴ በፊት ማለት ነው። ዕውቀቱ ነበረ፤ እኔ ጋ አልደረሰም። ወይም ተምሬው አልሰማሁት ይሆናል።

እሷ ያየችውን የላቦራቶሪ ሰዎች ደግሞ ለምን እንደሆነ መረመሩት። እ.ኤ.አ. በ1982 ሪቻርድ ቦርገንስ የአይጥ የጣት ጫፍ ሲቆረጥ እንደሚያድግ አሳየ። ግን ድንበር አለው። ቁርጡ ከጥፍሩ ሥር ፊት ከሆነ አጥንቱም ሥጋውም ጥፍሩም በአምስት ሳምንት ገደማ ይመለሳሉ። ቁርጡ ከጥፍሩ ሥር ኋላ ከሆነ ጠባሳ ብቻ ነው። እንግዲህ ይህ ድንበር ምኑ ነው? ጥፍር ከአጥንት ጋር ምን አገናኘው?

መልሱን እ.ኤ.አ. በ2013 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ሥራ ግልጽ አደረገው። ሥራው በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የማዩሚ ኢቶ ቡድን ነው። የአይጥ ጥፍር ሥር ውስጥ ስቴም ሴሎቹን አገኟቸው። እነዚህ ሴሎች ጥፍር ወደ መሆን ሲሄዱ ዊንት የሚባል የመልእክት መንገድ ይከፈታል። ጫፉ ሲቆረጥ፣ ይኸው መልእክት ቁስሉን በሸፈነው አዲስ ቆዳ ላይ ይነሣል፤ ነርቮችንም ወደ ቁስሉ ይጠራል። ነርቮቹ ሲመጡ ከቆዳው ሥር ያለው ሥጋ ይባዛል፤ ከዚያም አጥንት ይሠራል። ተመራማሪዎቹ የዊንትን መንገድ ሲዘጉት ጥፍርም አጥንትም ሳይበቅል ቀረ። ነርቩን ሲቆርጡትም ዕድገቱ ተሰናከለ። በተቃራኒው፣ ከድንበሩ ኋላ በተቆረጠ ጣት ላይ መልእክቱን በዘረ መል ዘዴ በግድ ሲከፍቱት፣ ማደግ የማይችለው ጣት ማደግ ጀመረ።

ስለዚህ የጥፍር ሥር ጥፍር ብቻ አይሠራም። የጣቱን ጫፍ ግንባታ የሚጠራው አዋጅ ነጋሪ እሱ ነው።

አንድ ነገር እንዳታሳስቱብኝ። ከዚያ ሥር የወጣች አንዲት ሴል ሁሉንም ነገር አትሆንም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች በየፊናቸው እንዳሳዩት፣ በሚያድገው ጣት ውስጥ አጥንቱ ከአጥንት ወገን፣ ቆዳው ከቆዳ ወገን ነው የሚመጣው። እንደ ደቦ ነው። ጠሪው አንድ ነው፤ የሚመጣው ግን ሁሉም የየራሱን መሣሪያ ይዞ ነው። ሳላማንደር የተባለችው እንስሳ እግሯ ሙሉውን ቢቆረጥ ታበቅላለች። ለእኛ ለአጥቢዎቹ የተተወችልን በጥፍሩ ዙሪያ ያለችው ይህቺ ትንሽ ቦታ ናት። ትንሽ ስለሆነች ነው መጠበቅ ያለባት።

ነርቭ ካልኩ አይቀር፣ ቦሩ ሜዳን ላንሣ። ከደሴ ብዙ አይርቅም፤ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ለረጅም ዘመን የታከሙበት ቦታ ነው። ሰው «ሥጋ ደዌ ጣት ይጥላል» ይላል። በሽታው ጣት አይጥልም። ነርቭን ነው የሚገድለው። ሕመም የማይሰማው ሰው የጋለ ድስት ያነሣል፣ ቁስል ይዞ ይሠራል፣ ደጋግሞ ይጎዳል፤ ጣቱ በዚያ ምክንያት እያጠረ ይሄዳል። ይህን ሕንድ አገር ቬሎር የሠራው የእጅ ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ለዓለም አስተምሯል። የአይጧ ጣትና የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ጣት አንድ ጉዳይ አይደሉም። ለእኔ ግን አንድ ነገር ያስታውሱኛል። ጣት አጥንትና ቆዳ ብቻ አይደለም፤ ነርቩም ጥፍሩም የአካሉ ጠባቂዎች ናቸው። እኛ ሐኪሞች ግን ጥፍርን እንደ ጌጥ፣ ሲበላሽ እንደሚጣል ነገር ለምደነዋል።

አሁን ወደ ልጅቷ ልመለስ።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ለደም ግፊቷ ልትታይ መጣች። ከጎኗ ረዘም ያለች፣ ሻሽ ያሰረች ልጅ አለች። ዒድ ካለፈ ሳምንትም አልሞላው፤ የልጅቷ እጅ በእንሶስላ ቀልቷል። የእናቷን ካርድ ስትሰጠኝ ግራ እጇን ከሻርፗ ሥር አደረገች። አወቅኋት። እናትየዋም አውቃኛለች፤ «ያኔ እኮ የሰፋሽልን አንቺ ነሽ፤ አላህ ይስጥሽ» አለችኝ። ልጅቷን እጅሽን አሳይኝ አልኳት። ዘጠኝ ጥፍር ቀይ ነው። አሥረኛዋ ጣት አጭር ናት፤ ጫፏ ለስላሳ፣ ጥፍር የላትም።

ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። አመስግነውኝ እኮ ነው የመጡት። ግን አልሆነልኝም። ተቀምጬ ነገርኳቸው። ያን ሌሊት ባልቆርጠው፣ ባልሰፋው፣ አጥቤ ባስረው ኖሮ ሊያድግ ይችል እንደነበር፣ የጥፍሩን ሥር በእጄ እንዳወጣሁት፣ ያኔ እንዳላወቅሁ ነገርኳቸው።

እናትየዋ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ቀጥላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አሁንስ ይበቅላል?»

ኒውዮርክ ያሉት አይጦች ትዝ አሉኝ። እዚያ የዘረ መል ቁልፍ ተከፍቶ የበቀለው ጣት ትዝ አለኝ። ያ ግን አይጥ ላይ ነው፤ ሰው ላይ የሚሠራ ሕክምና አልሆነም። «አይበቅልም፣ እህቴ» አልኳት። «ለምን?» ያለችው ልጅቷ ናት። እንሶስላዋን እያሳየሁ አሁን ለእናንተ የነገርኳችሁን ነገርኳት፤ ቀለሙ ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ ሥሩ የት እንደሆነ። በደንብ አዳመጠችኝ። ሲወጡ እጇን ከሻርፑ ሥር አላወጣችም። ይቅር አልሽኝ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ላይ ያን ሸክም መጫን አልፈለግሁም።

እንግዲህ ሃያ ደቂቃዬ እያለቀ ነው። ሦስት ልመና አለኝ።

የመጀመሪያው ለመምህሮቼና ዛሬ በማስተማር ላይ ላላችሁ ባልደረቦቼ ነው። የድንገተኛ ክፍል ልምምድ ስታስተምሩ፣ ስለ ጣት ጫፍ ከመርፌና ክር በፊት አንድ ጥያቄ አስተምሩልን፤ «የጥፍሩ ሥር አለ ወይስ የለም?» ካለ፣ ልጅ ከሆነ፣ ቁርጡ ከመጨረሻው መገጣጠሚያ ፊት ከሆነ፣ አጥንቱ ርቆ ካልወጣ፣ ማጠብ፣ ቫዝሊን ባለው ጎዝ ወይም አየር በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ መሸፈን፣ የቴታነስ ክትባት ማየት፣ በየጥቂት ቀኑ መከታተል። ሽታ ብቻውን መመርቀዝ አይደለም፤ ትኩሳት፣ ወደ እጅ የሚወጣ መቅላትና እብጠት ሲኖር ነው መፍራት ያለብን። ጥፍሩ ተነቅሎ ከመጣ አጥባችሁ ወደ እጥፋቱ መልሱት፤ ለሥሩ ከሱ የተሻለ ሽፋን የለም። ሥሩ ከተጨፈለቀ፣ መገጣጠሚያው ወይም ጅማቱ ከተነካ፣ ያኔ ሐረጎን መውጣት ግድ ነው፤ አያትየውም ይቆጡን። አዋቂ ላይ አጥንቱ እንደ ልጅ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥም፤ ሥጋውና ቆዳው ግን ታግሠን ከሸፈንነው ብዙ ጊዜ ከስፌት የተሻለ ይሞላል።

ሁለተኛው ለኮምቦልቻ ግቢ መሐንዲሶች ነው። ነገ ወደ እናንተ እንወርዳለን። እኔ የማክመው ጣት ሁሉ መጀመሪያ በእናንተ እጅ ያለፈ ነው፤ በር ነው፣ ወፍጮ ነው፣ ሰንሰለት ነው፣ የማሽን ጥርስ ነው። ሰንሰለትን የሚሸፍን ቆርቆሮ፣ በርን ከመዝጊያው ሁለት ጣት የሚያቆም የጎማ ቁራጭ ከእኔ መርፌ በፊት ይደርሳል። ለተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ሥራ አድርጋችሁ ብትሰጧቸው እኔ ደግሞ ከድንገተኛ ክፍል ያየሁትን እየመጣሁ እነግራቸዋለሁ።

ሦስተኛው ለወላጅ ሁላችሁም ነው። የልጅ ጣት ሲቆረጥ ቡና አትነስንሱበት፣ አፈርም ቅቤም አታድርጉበት። በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙት፣ እጁን ከፍ አድርጉት፣ ይዛችሁት ኑ። የተቆረጠችውን ጫፍ ካገኛችሁ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አድርጓት፤ በረዶ ካለ ፌስታሉን በረዶው ላይ አድርጉት እንጂ ሥጋውን በረዶ አታስነኩት። ሐኪሙንም «የጥፍሩ ሥር አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። አይቆጣም። ቢቆጣም ጠይቁት።

ዛሬ ዓለም ስለ ስቴም ሴል ሲያወራ ስለ ትልልቅ ላቦራቶሪ፣ ስለ ብዙ ገንዘብ ነው። እኛ ያን ሁሉ እስክናገኝ መጠበቅ የለብንም። የጣት ጫፍ ስቴም ሴል ያለ ምንም ማሽን እያንዳንዱ ልጅ ጣት ላይ ተቀምጦ አለ። ከእኛ የሚፈልገው እንዳንደፋው ብቻ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ደፍቻለሁ፤ እናንተ ዘንድ እንዳይደገም ነው ይህን ቀን የለመንኩት።